ከሣጥኑ የጎደለው ሰው

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ቡና ሊጠሩኝ ገብተው ጠረጴዛዬን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ። በጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ በጋዜጣው ላይ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንዲት ጠርሙስ ማጣበቂያና ከጥፍር ያነሱ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ተበትነዋል። «የማን ልጅ መጫወቻ ነው?» አሉኝ። «የእኔ ነው እማማ፤ ሒስ ልጽፍበት ነው» አልኳቸው። «መጽሐፍ አልቆባችሁ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ቀረብ ብለው ነገሩን ሲለዩት ግን ሣቃቸው ጠፋ። «ታንክ ነው እንዴ? ታንክ መች አነሰን ልጄ?»

ሁለቱም አባባላቸው እውነትነት አለው። ሒስ ሲባል የለመድነው የልቦለድ፣ የግጥም፣ የቴያትር፣ ሲበዛም የሥዕል ዐውደ ርእይ ነው። የፕላስቲክ ታንክ ገጣጥሞ «ይህ ሥራ ምን ይላል? ምንስ ይደብቃል?» ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሞዴል ነዳፊ አለው፤ ሠዓሊ አለው፤ አሳታሚና ገበያ አለው፤ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር ብሎ የሚወስን አርታኢም አለው። ከሁሉም በላይ ስለ አንድ ያለፈ ዘመን አንድ ነገር ይነግረናል። ያለፈን ዘመን እነግራችኋለሁ የሚልን ሁሉ ደግሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። የእኔው ሞዴል ስለ ሩቅ አገር ታሪክ ብቻ የሚናገር ቢሆን ኖሮ እኔም በዝምታ ገጣጥሜ መደርደሪያ ላይ ባስቀመጥኩት ነበር። አውሮፓ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ባመጣልኝ ሣጥን ውስጥ የነበረው ግን በ1928 ዓ.ም. ድንበራችንን ጥሶ የገባው የጣሊያን ትንሽ ታንክ ነው። «ታንክ መች አነሰን?» ለሚለው የጎረቤቴ ጥያቄም መልስ መስጠት አለብኝ፤ ይህ ጽሑፍ በከፊል እሱን ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው።

* * *

ነገሩን አይተው ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላብራራ። የሞዴል መገጣጠሚያ ሣጥን ማለት አንድን አውሮፕላን፣ መርከብ፣ መኪና ወይም ታንክ በተወሰነ ልክ አሳንሶና በታትኖ ለገዢው የሚያቀርብ ሣጥን ነው። ክፍሎቹ እንደ ወይን ዘለላ ከቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተንጠልጥለው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። መመሪያው በሥዕል እንጂ በቃል ብዙ አይናገርም፤ ሰባት ቁጥር ከስምንት ቁጥር ጋር እንደሚገጥም የሚያመለክተው ቀስት ነው። ክፍሉ በምላጭ ከዘንጉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠበት ጠባሳ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከዚያ ይጣበቃል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ቀለም ይቀባል። በመጨረሻ ቁጥሩና ዓርማው ውሃ ውስጥ ከተነከረ ወረቀት ላይ ተንሸራቶ ይለጠፋል። ሥራው እኔን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ያውም መብራት በማይጠፋባቸው ምሽቶች ብቻ እየሠራሁ።

በእንግሊዝ አገር በዚህ ሙያ ትልቁ ስም ኤርፊክስ ነው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ ያቋቋመው ኒኮላስ ኮቭ የተባለ የሀንጋሪ ስደተኛ ሲሆን፣ መጀመሪያ ይሠራ የነበረው በአየር የሚነፋ መጫወቻ፣ ቀጥሎም የፕላስቲክ ማበጠሪያ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ የፈርጉሰን ትራክተር ኩባንያ ሻጮቹ ለደንበኛ የሚያሳዩት ትንሽ የትራክተር ሞዴል እንዲሠራለት አዘዘው። ይህችን ትራክተር ፋብሪካው ውስጥ ገጣጥሞ ማውጣት አድካሚ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሳትገጣጠም ትሸጥ፣ ገዢው ራሱ ይገጣጥማት! በ1950ዎቹ የፍራንሲስ ድሬክ መርከብ «ጎልደን ሃይንድ» በፕላስቲክ ከረጢት ተደርጋ በዉልወርዝ መደብሮች በሁለት ሽልንግ ቀረበች። በዓመቱ ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ተከተለ። ከዚያ በኋላ የአንድ ትውልድ የእንግሊዝ ልጆች እሑድ ከሰዓት በኋላቸውን በማጣበቂያ ሽታ ውስጥ አሳለፉ።

እንግዲህ ዛሬ ጥበብ የምንለው የትርፍ ጊዜ ሥራ የተወለደው ድካምን ለገዢ ከማሸጋገር ነው። ገዢው ገንዘብ ከፍሎ ሥራ ይገዛል ማለት ነው። ይህ ሞኝነት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። እኔ ግን የሞዴሉ ዋጋ ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ተሠርቶ ያለቀ መጫወቻ ይታያል፤ ተበታትኖ የመጣ ግን ይነበባል። እያንዳንዱን ክፍል በእጅ ሳይዙ፣ የት እንደሚገባና ለምን እዚያ እንደሚገባ ሳይጠይቁ ወደሚቀጥለው መሄድ አይቻልም። ሰነፍ አንባቢ ገጽ ይዘልላል፤ ሰነፍ ገጣጣሚ ግን አንድ ክፍል ከዘለለ መንኮራኩሩ አይቆምለትም።

ስለ መጠኑም አንድ ነገር ልበል። የእኔ ታንክ የተሠራው በአንድ ሠላሳ አምስተኛ ልክ ነው፤ ማለትም እውነተኛው በእያንዳንዱ አቅጣጫ የሞዴሉን 35 እጥፍ ያህላል። ይህ ቁጥር በዓለም ላይ ላሉ የታንክ ሞዴሎች እንደ ሕግ የሚቆጠር ነውና አንድ ሊቅ አስቦ የደረሰበት ይመስል ይሆናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ጃፓን ውስጥ ሺዙኦካ በምትባል ከተማ ታሚያ የሚባል በእንጨት ንግድ የጀመረ የቤተሰብ ድርጅት አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ በሞተር የሚሄድ ሞዴል አድርጎ ሲያወጣ፣ መጠኑን የወሰነው ውስጡ የሚገቡት ባትሪዎችና ሞተር ነበሩ። ቆይቶ ሲሰላ አንድ ሠላሳ አምስተኛ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ገበያው ወደደው፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉት። እኔ የአያቶቼን ዘመን ጦርነት የምለካበት ቁና ከባትሪ ድንጋይ የመጣ ነው ማለት ነው። ይህን ማወቁ ጠቃሚ ነው። ሞዴል «ትክክለኛ» ሲባል ትክክልነቱም የራሱ ልማድና ገበያ እንዳለው ያስታውሰናል።

* * *

አሁን ወደ ታንኩ እንምጣ። ጣሊያኖች «ካሮ ቬሎቼ» ይሉታል፤ ፈጣን ሠረገላ እንደ ማለት ነው። ከእንግሊዞቹ ካርደን ሎይድ የተቀዳ ሲሆን የሠሩት ፊያትና አንሳልዶ ናቸው። ሞዴሉ ሲያልቅ ርዝመቱ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከፍታው አራት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ወደ እውነተኛው ሲመለስ ከሦስት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርዝመት፣ 1.30 ሜትር ያህል ከፍታና ከ3 ቶን ብዙም የማይበልጥ ክብደት ያለው፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ተሽከርካሪ ነው። በሞዴሉ ላይ የብሎኖቹ ራስ አንድ በአንድ ይታያል። ሰንሰለቱ ከሩዝ ፍሬ ባነሱ ክፍሎች ይቀጣጠላል፤ ለዚህ ሥራ ብቻ ዐሥራ አንድ ምሽት ሄዶብኛል።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ውስጥ ደምበጊና በተባለው ማለፊያ ከጠላት ጋር ሲገጥም ጦረኞቻችን እነዚህን ታንኮች እየዘለሉባቸው እንደወጡ፣ እንዳቃጠሉና እንደማረኩ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ታሪኩን እንደ ፉከራ ነበር የምሰማው። ታንክ ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው መድፍ ተሸክሞ ራሱን ወደ አራቱም ማዕዘን የሚያዞር፣ ጎጆ የሚያህል ብረት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በጎራዴና በአሮጌ ጠመንጃ መግጠም ወይ ተአምር ነው፣ ወይ ተራኪው ጨምሮበታል። በመካከሉ ሦስተኛ ነገር ሊኖር እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛውን ነገር ያሳየኝ የፕላስቲኩ ሞዴል ነው። መትረየሶቹን የምገጥምበት ምሽት ላይ ደርሼ፣ የሚሽከረከረውን የላይኛውን ክፍል በሣጥኑ ውስጥ ብፈልገው አጣሁት። ከጠረጴዛው ሥር ወድቆ እንደሆነ ብዬ በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈለግሁ። በኋላ መመሪያውን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ይህ ታንክ የሚሽከረከር ራስ ኖሮት አያውቅም። ሁለቱ መትረየሶች ከፊቱ ግድግዳ ላይ ተተክለዋል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚንቀሳቀሱት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከፊት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ከበስተኋላቸው ሞተሩ አለ። ወደ ጎን ለመተኮስ ታንኩ ራሱ መዞር አለበት፤ ለመዞር ደግሞ ደልዳላ ሜዳ ያስፈልገዋል። ደምበጊና ማለፊያ እንጂ ሜዳ አይደለም። በድንጋይና በገደል መካከል የገባ ታንክ ከጎኑና ከኋላው ለሚመጣ ሰው ዕውር ነው ማለት ይቻላል። ቁመቱም ከአንድ ጎልማሳ ደረት ብዙም አይበልጥም፤ እግር የሚነሣ ሰው ይወጣበታል።

ደንግጬ ወረንጦውን አስቀመጥኩ። ጦረኞቹ ጀግኖች መሆናቸውን አላጣሁትም ነበር፤ ያጣሁት ማስተዋላቸውን ነው። ከዚያ በፊት ይህን ማሽን አይተውት የማያውቁ ሰዎች፣ እየተተኮሰባቸው፣ ፊቱ የት እንደሚያበቃና ጀርባው የት እንደሚጀምር አነበቡ። እኔ መመሪያ ይዤ፣ ሻይ እየጠጣሁ በሁለት ወር የደረስኩበትን እነሱ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሱበት። በታሪክ አነጋገራችን ውስጥ «ወኔ» የሚለው ቃል ዕውቀትን እየሸፈነ ስንት ጊዜ እንዳለፈ እንጃ። ጀግና ስንላቸው አሞገስናቸው፤ ግን አስተዋዮች እንደነበሩ መናገር ረሳን። ይህን ትምህርት የሰጠኝ መጽሐፍ ሳይሆን የጠላት ታንክ ሞዴል ነው። ከአንድ የጥበብ ሥራ ከዚህ የበለጠ መጠበቅ ይከብዳል።

* * *

ምስጋናዬን ከሰጠሁ በኋላ ወደ ወቀሳዬ ልግባ። ሣጥኑ የማሽኑን ብሎን ሳይቀር ይነግረኛል። ማሽኑ የት ሄዶ ምን እንዳደረገ፣ ማን እንደተገደለበትና ማን እንደገጠመው ግን ዝም ይላል። ታንኩ ብቻውን ይቆማል። ከየትም ያልመጣ፣ የትም የማይሄድ ንጹሕ ዕቃ ነው።

ይህ ዝምታ የአንድ ሣጥን ጉድለት ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር፤ ግን የዘርፉ ሁሉ ልማድ ነው። የኤርፊክስን ሣጥኖች ከ1964 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት የሳለው ሮይ ክሮስ በችሎታው የታወቀ ሠዓሊ ነበር፤ በሥዕሎቹ ላይ አውሮፕላን ይነዳል፣ መርከብ ይቃጠላል፣ ቦምብ ይወርዳል። በ1970ዎቹ ውስጥ ግን መጫወቻ ጦርነትን አያሳይ የሚል አስተሳሰብ ሲበረታ፣ ከሥዕሎቹ ላይ እሳቱና ፍንዳታው እየተቀባ እንዲጠፋ ተደረገ። አውሮፕላኑ እዚያው ነው፤ መትረየሱም እዚያው ነው፤ የጠፋው ውጤቱ ብቻ ነው። ታሚያ በበኩሉ ብዙዎቹን ወታደራዊ ሞዴሎቹን በነጭ መደብ ላይ ይስላቸዋል። ለዐይን ያማረ፣ ጥርት ያለ ሥዕል ነው፤ ነገር ግን ነጩ መደብ መንደሩንም፣ መንገዱንም፣ ሰዉንም አብሮ አጥፍቷል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ሕጉ የናዚን ምልክት ማሳየት ስለሚከለክል ለዚያ ገበያ በሚወጡት ሣጥኖች ላይ የአውሮፕላኑ ጅራት ባዶ ይሆናል። የሕጉን ምክንያት አከብራለሁ። ይሁንና ውጤቱ ያስገርማል፤ ምልክቱ የሚያስቀጣው አውሮፕላን ያለ ምልክቱ ቆንጆ አውሮፕላን ሆኖ ይሸጣል።

«ወንድሜ፣ ይህ እኮ መጫወቻ ነው፤ ልጆች ላይ የሬሳ ሥዕል እንለጥፍ ነው የምትለው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሬሳ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ሰው ነው። በ1980 ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጉንዳም የተሰኘውን የቴሌቪዥን ትርኢት ሮቦት ሞዴል አውጥቶ እስከ ዛሬ ይቸበችበዋል። እሱን እንዲህ ብዬ አልወቅሰውም። ያ ሮቦት የትም አልዘመተም፤ በእሱ የሞተ ሰው የለም፤ ስለዚህ ባዶ መደብ ላይ ቢቆም የሚያስቀረው ነገር የለውም። እውነተኛ ነኝ፣ ትክክለኛ ነኝ፣ ብሎኔን ቆጥረህ አረጋግጥ የሚለኝ ሥራ ግን የእውነትን ግማሽ ይዞ ሙሉ ነኝ ሊለኝ አይገባም።

ገጣጣሚዎቹ ራሳቸው ይህን ጉድለት ያልተገነዘቡት አይደሉም። በ1970ዎቹ ሼፐርድ ፔይን የተባለው አሜሪካዊ ሞዴል ብቻውን እንዳይቆም በማለት መሬቱን፣ ግድግዳውን፣ ሰዎቹን አብሮ እየሠራ አንድ ትዕይንት ያቀርብ ጀመር። ሞኖግራም የተባለው ኩባንያ የእሱን ትዕይንቶች አሠራር የሚያስረዳ ወረቀት በሣጥኖቹ ውስጥ ይጨምር ነበር፤ በ1980 ያሳተመው መጽሐፍም የብዙዎች መማሪያ ሆኗል። የእሱ ትምህርት አጭር ነው፤ ትዕይንት ታሪክ መናገር አለበት። ዳሩ ግን ከእሱ በኋላ የመጣው ፋሽን በአብዛኛው የያዘው ትምህርቱን ሳይሆን ዘዴውን ነው። ዛሬ በውድድር ላይ የሚቀርቡ ታንኮችን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ዝገቱን፣ ጭቃውን፣ የዘይት ጠብታውን፣ የተላጠውን ቀለም ያደንቃል። ቀጭን ጥቁር ቀለም በየስንጥቁ ያፈስሳሉ፤ በስፖንጅ ዝገት ያትማሉ። ችሎታው እጅ ያስጭናል። ግን ጭቃው የየት አገር ጭቃ ነው? ማን አልፎበታል? ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ድርሰትም እንዲህ ይሆናል፤ ቋንቋው ያብረቀርቃል፣ ገጸ ባሕርይው ግን የለም።

* * *

በዚህ ሐሳብ ተነሣሥቼ ለእኔ ታንክ መሬት ልሠራለት ቆረጥኩ። መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው ሥዕል ግልጽ ነበር፤ ታንኩ ላይ ቆሞ ጎራዴውን ወደ ሰማይ ያነሣ አንድ ጀግና። ለመሥራት ስቀመጥ ግን እጄ ተያዘ።

አንደኛ፣ ከታንኮቹ ጋር የመጡት እግረኞች በአብዛኛው በጣሊያን ሥር የተመለመሉ የኤርትራ ልጆች ናቸው። ጎራዴው የተነሣው በጣሊያን ላይ ብቻ ነበር ማለት አልችልም፤ ከሁለቱም ወገን የሚጮኸው ሰው እናቱን የሚጠራው በአንድ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የደምበጊና ድል ብዙ አልቆየም። ከቀናት በኋላ በዚያው በታኅሣሥ ወር፣ በተከዜ ዳርቻ የራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወረደ። ጣሊያን ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች። ታንክ ጀርባ አለው፤ የሚያስተውል ሰው ከጀርባው ይመጣበታል። ከሰማይ የሚወርድ መርዝ ግን ጀርባ የለውም፤ ማስተዋልም ወኔም አይበግረውም። በአንድ ሠላሳ አምስተኛ ልክ ጋዝን እንዴት አድርጎ ይሠሩታል? ሦስተኛ፣ ያ ምድር ከዚያም ወዲህ አላረፈም። ሽሬና አካባቢው ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነትም ታንክ አይቷል፤ ያን ጊዜ በሁለቱም ወገን የነበሩት የእኛው ልጆች ናቸው። የጎረቤቴ «ታንክ መች አነሰን?» የመጣው ከዚህ ነው። ጎራዴ ያነሣ ጀግና ሠርቼ መደርደሪያ ላይ ባቆም፣ ነጩ መደብ ያጠፋውን ያህል እኔም ባጠፋሁ ነበር።

ስለዚህ ጀግናውን ተውኩት። ሕፃን ሳለን በሰፈራችን የሽቦ መኪና እንሠራ ነበር፤ ሽቦ እናጣምማለን፣ ለጎማ ቆርኪ እንገጥማለን፣ ረጅም መሪ አበጅተን አቧራው ላይ እንነዳለን። በልክ የተሠራ አልነበረም፤ ብሎን አልነበረውም። ነገር ግን ማን እንደሚሳፈርበት፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ይህንን አስታውሼ ከሽቦ አንድ ሰው ሠራሁ፤ ሸማ ይሆነው ዘንድ ነጭ ክር ጠመጠምኩበት። ቁመቱ አምስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ የአንድ ተራ ሰው ቁመት በ35 ሲካፈል ነው። ጎን ለጎን ሳቆማቸው ሰውየው ከታንኩ በአንድ ሳንቲ ሜትር በለጠ። ሣጥኑ ይህን አልነገረኝም ነበር፤ የሚያስተያየው ሰው በውስጡ አልነበረውምና። ሰውየውን ከታንኩ ኋላ፣ ጥቂት ራቅ አድርጌ፣ ጎንበስ እንዳለ ተከልኩት። እጁ ባዶ ነው። እስካሁን ምንም አላደረገም፤ እያየ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቀው ይሳሳታል። እጅን ያስተምራል፤ ትዕግሥትን ያስተምራል፤ በወሬ ብቻ የሰማነውን ማሽን ከውስጥ ያስነብባል። ይህን በአገራችን ታሪክ ላይ ብንጠቀምበት ብዙ እናተርፋለን። አዲስ አበባ ላይ በ1927 ዓ.ም. ገደማ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ፣ ሮም አጠገብ ባለ የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ለዓመታት ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ልጆቻችን እሷን ክፍል በክፍል ቢገጣጥሟት ከሐውልትዋ የበለጠ ያውቋታል። እንደ ዐይነቱ ሁሉ የሷም ሣጥን ሲዘጋጅ ግን አውሮፕላኗን ብቻ ይዞ እንዳይመጣ እመኛለሁ፤ የሠሯት እጆች፣ የወሰዷት እጆች፣ ባዶ የቀረው ሜዳ አብረው ይምጡ። ሣጥን ሠሪው ካላመጣቸው ገጣጣሚው ይጨምራቸው። የሽቦና የክር ዋጋ ውድ አይደለም።

ሥራው ባለቀ በሳምንቱ ጎረቤቴ እንደ ልማዳቸው ቡና ሊጠሩኝ መጡ። ጠረጴዛው ተጠርጓል፤ ታንኩ በእንጨት ጣውላ ላይ ቆሟል። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼ ሰውዬ ከኋላ ምን ያደርጋል?»

«ታንኩን እያጠና ነው እማማ።»

«አያየውም እንዴ?»

«አያየውም። ከኋላው ዐይን የለውም።»

ትንሽ አሰቡና «ውስጡስ ሰው አለ?» አሉኝ። እኔ በሁለት ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር።

«ሁለት ሰው ይይዛል» አልኳቸው።

«እነሱም የሰው ልጆች ናቸው» አሉ። «በል ና፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ።»